ጫማው፣ ካሜራው፣ ሚኒማው፦ ቴክኖሎጂ ስፖርትን ያስተካክላል ወይስ ያዛባል?

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሌላ ካልተባለ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2፡09፡22 ቀድሞ ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ። አበረታች ቅመም አልወሰደም፣ አቋራጭ መንገድ አልገባም፣ ማንንም አልገፋም። የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ደንቡ የሚፈቅደው 4 ነው። አንደኝነቱ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ።

ይህን ነገር ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ብታነሱት ወዲያው ለሁለት ይከፈሉላችኋል። አንዱ «የሮጠው ልጁ ነው፤ ጫማው ብቻውን 42 ኪሎ ሜትር አይሄድም» ይላል። ሌላው «ጫማው ምንም ካላደረገ ለምን ወፍራሙን መረጠ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

ስፖርት ውስጥ የገባው ቴክኖሎጂ ሥራው የተለያየ ስለሆነ በጅምላ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ማለት አያስኬድም። አንዳንዱ ዳር ቆሞ ያያል፣ ይለካል፤ ካሜራው፣ የሩጫ ሰዓቱ፣ የደም ምርመራው። ሌላው ከተወዳዳሪው ጋር አብሮ ይሮጣል፤ ጫማው፣ የዋና ልብሱ፣ መሙ (የስታዲየሙ መሮጫ) ዳር የሚበራው መብራት። የመጀመሪያው በአብዛኛው ፍትሕን ያግዛል፤ የሚሳሳትበትም ቦታ ይታወቃል። ሁለተኛው ነው አስቸጋሪው። ብዙም የማይወራለት ሦስተኛ ቦታ ደግሞ አለ፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚባልበት በር። ከወሎ ለሚነሳ ሯጭ ትልቁ መዛባት ያለው እዚያ በሩ ላይ ይመስለኛል።

ዳር ቆሞ የሚያየው

በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 27፡18.20፣ ፖል ቴርጋት 27፡18.29 ገቡ። 25 ዙር ተሮጦ ልዩነቱ ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ! በዓይን ብቻ ቢዳኝ ኖሮ ኬንያና ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ሲከራከሩ ይኖሩ ነበር። የፎቶ ፊኒሽ ካሜራ ስለነበረ ግን ነገሩ እዚያው አለቀ።

ይህ ካሜራ እንደ ስልካችን ሜዳውን በሙሉ አያነሳም። የሚያየው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው። ያቺን ቀጭን ስንጥቅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እያነሳ ምስሎቹን ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል። ስለዚህ በፎቶው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የምናየው ርቀት በእርግጥ ጊዜ ነው፤ የሯጮቹ እግር ተጣሞና ተለጥጦ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ዳኛው የሚፈልገው ደረትን ነው። አንገት ማስገግ፣ እጅ መዘርጋት፣ እግር ማስቀደም አይጠቅምም። በፓሪስ 2024 የወንዶች 100 ሜትር ኖአ ላይልስ 9.784፣ ኪሼን ቶምፕሰን 9.789 ሲገቡ የለያቸው አምስት ሺህኛ ሰከንድ ነበር። በ2025 የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ሳይቀር በዚህ ካሜራ ተዳኝቷል፤ ታንዛኒያዊው አልፎንስ ሲምቡና ለጀርመን የሚሮጠው አማናል ፔትሮስ ሁለቱም 2፡09፡48 ገብተው ወርቁን ካሜራው ለሲምቡ ሰጠ።

ማሽኑ እዚህ ላይ ከሰው የሚበልጠው ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ ስላለው ነው፤ የማን ደረት ቀደመ? ኳስ መስመር ስለማለፏም እንዲሁ ነው። በ2010 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ከጀርመን ሲጫወቱ የፍራንክ ላምፓርድ ኳስ አግዳሚውን መትታ መስመሩን በግልጽ አልፋ ስትወድቅ ቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ጎል መሆኗን አየ፤ ያላዩት ዳኞቹ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጎል ዙሪያ ሰባት ሰባት ካሜራ የሚተክለው የጎል መስመር ቴክኖሎጂ መጣ፤ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ስታልፍ የዳኛው የእጅ ሰዓት ይንቀጠቀጣል። በ2020 ቪላ ፓርክ ላይ ሰባቱም ካሜራ በተጫዋቾች ተጋርዶ የሼፊልድ ዩናይትድ ጎል ሳይቆጠር ቀርቷል፤ ግን ይህ የሚወራው ያልተለመደ ስለሆነ ነው።

ጥያቄው አንድ መልስ ሳይኖረው ሲቀር ነው ነገር የሚመጣው።

ሮብ ወይም ቅዳሜ ማታ ከደሴ ዲኤስቲቪ ቤቶች አንዱ ገብቶ ቫር (ዳኛው የወሰነውን በቪዲዮ የሚያጣራው አሠራር) ሲታይ የሚነሳውን ጫጫታ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ወጣቱ «ጋሼ፣ ማሽን እኮ አይዋሽም!» ይላል። ጋሼ ደግሞ ሻያቸውን እያማሰሉ «ማሽኑስ አይዋሽም ልጄ፤ መስመሩን የሚያሰምረው ግን ሰው ነው» ይላሉ። የጋሼን አባባል በቁጥር እንየው። የተለመደው የቴሌቪዥን ካሜራ በሰከንድ 50 ምስል ያነሳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ በአንዱ ምስልና በቀጣዩ መካከል 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኳሷ ከአቀባዩ እግር የተለየችበት ቅጽበት በሁለቱ ምስሎች መካከል ቢወድቅስ? ያኔ ሰውየው የትኛውን ምስል እንደሚመርጥ ነው ኦፍሳይዱን የሚወስነው። ከዚያ በኋላ በትከሻ ላይ የምትሰመረው ቀጭን ቀይ መስመር የምታሳየው እርግጠኝነት ካሜራው ከሚያውቀው በላይ ነው። በኔ ግምት ቫርን ያስጠላው ስህተቱ ብቻ አይደለም፤ ይህ ከልኩ ያለፈ መተማመኑ ጭምር ነው።

በ2022 ካታር ላይ ከፊል አውቶማቲክ የተባለው አሠራር ይህን ክፍተት ለማጥበብ ሞከረ። 12 ካሜራ የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላል፤ ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። የመመታቷ ቅጽበት አሁን በጣም ጠበበ። ሆኖም በሴፕቴምበር 2023 ሊቨርፑል ከቶተንሃም ሲጫወት የሉዊስ ዲያዝ ጎል የተሻረው በምስል ጉድለት አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ሜዳው ላይ የተወሰነው ጎል መስሏቸው «ታይቷል፣ አልቋል» አሉ፤ ሜዳው ላይ ግን ኦፍሳይድ ተብሎ ነበር። ምስሉ ልክ፣ ንግግሩ ስህተት። የእጅ ኳስ ሲሆንማ የትኛውም ካሜራ «እጁ በተፈጥሯዊ ቦታው ላይ ነበር ወይ?» ለሚለው መልስ የለውም። ደጋግሞ ማሳየት ይችላል፤ መፍረድ ግን የሰው ነው።

ሩጫም ተመሳሳይ ጉድ አለው። በአጭር ርቀት ተኩሱ ከተሰማ ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የተነሳ ሯጭ ተኩሱን ሳይጠብቅ እንደተነሳ ይቆጠራል። በ2022 ዩጂን ላይ አሜሪካዊው ዴቨን አለን በ110 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ 0.099 ተለክቶበት ተባረረ። አንድ ሺህኛ! መሣሪያው የታዘዘውን ለክቷል። 0.1 የምትባለውን ድንበር ግን ተፈጥሮ አላስቀመጠቻትም፤ ስብሰባ ነው ያስቀመጣት።

ወደ ሜዳችን እንምጣ። ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ወልድያ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት በነበረበት ጊዜ እዚያ የተነሳ የፍጹም ቅጣት ምት ክርክር ሁሉ የሚያልቀው በዳኛው ፊሽካ ነበር። ቫር ካሜራ መትከል ብቻ አይደለም። የሠለጠኑ የቪዲዮ ዳኞች፣ ምስል የሚያቀርብ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መስመርና መብራት፣ ከዚያም የፊፋ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የአንድ ሊግ ጎል በ12 ካሜራ፣ የሌላው በሁለት ዓይን ይዳኛል። ፊፋ ለዚህ በ2024 የሴቶች ከ20 ዓመትና ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫዎች ላይ ቀለል ያለ አሠራር ሞክሯል። የቪዲዮ ዳኛ ክፍል የለም፤ አሠልጣኙ በጨዋታ ሁለት ጊዜ «ይታይልኝ» ማለት ይችላል፤ ዳኛው ራሱ ወደ ስክሪኑ ሄዶ ባሉት ጥቂት ካሜራዎች ያያል። ጥያቄው ልክ ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። ለእኛ ሊግ የሚሆነው ይህኛው ነው እላለሁ፤ ትልቁን ቫር እየናፈቁ ከመኖር።

ዘግይቶ የሚመጣው ፍርድ

ከሚያዩት መሣሪያዎች ሁሉ ለኢትዮጵያ ሯጮች ብዙ የመለሰው ላብራቶሪው ነው፤ ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ። የደም ፓስፖርት የሚባለው አሠራር ሯጩ የወሰደውን ነገር ራሱን አይፈልግም። የአንድን ሯጭ ደም በየጊዜው እየለካ የራሱን ልክ ያውቃል፤ ከዚያ ያልተለመደ መውጣትና መውረድ ሲያይ ይጠይቃል። ቅመሙ ከሰውነት ቢጠፋም ደሙ ላይ የጣለው ምልክት ይቆያል። በዚያ ላይ ናሙናዎች እስከ 10 ዓመት ተቀምጠው በአዲስ መሣሪያ እንደገና ይመረመራሉ።

ሶፊያ አሰፋ በለንደን 2012 የ3,000 ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት ዩሊያ ዛሪፖቫ የደም ፓስፖርቷ ተዛብቶ ተገኝቶ ውጤቷ ተሰረዘ፤ ሶፊያም የብር ባለቤት ሆነች። መሠረት ደፋርም በቤጂንግ 2008 በ5,000 ሜትር ያገኘችው ነሐስ ወደ ብር ያደገው ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አቤይለገሰ ከዓመታት በኋላ በተደረገ የናሙና ምርመራ ስትሰረዝ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው። ነገር ግን መድረክ ላይ የቆሙበት ቦታ፣ በዚያ ዓመት ሊያገኙት ይችሉ የነበረው የውድድር ግብዣና የስፖንሰር ገንዘብ አብሮ አይመለስም። ላብራቶሪ መዝገቡን ያርማል፤ ዕድሜን አያርምም።

አብሮ የሚሮጠው

አሁን ወደ ጫማው። የዛሬ የማራቶን ጫማ ሁለት ነገር አለው፤ ወፍራምና በጣም ቀላል ፎም፣ በውስጡም ጠንካራ የካርቦን ፕሌት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ካርቦኑ ነው፤ «ስፕሪንግ አለበት» እየተባለ። ዋናው ሥራ ግን የፎሙ ይመስላል። በ2017 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በናይኪ ገንዘብ የተሠራው ጥናት እንዳሳየው አዲሱ ፎም ሲረገጥ ከተቀበለው ጉልበት 87 በመቶውን ይመልሳል፤ በዚያው ጥናት የተወዳደሩት ሁለት ጫማዎች 76 እና 66 በመቶ አካባቢ ነበሩ። 18 ሯጮች በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ ያወጡት ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ቀነሰ። በኋላ በሌላ ጥናት የዚያኑ ጫማ ካርቦን በመጋዝ ቆራርጠው ሲያስሮጡ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም።

4 በመቶ ጉልበት ማለት 4 በመቶ ፍጥነት ማለት አይደለም፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ነፋሱም ስለሚከብድ ትርፉ ያንሳል። ያም ሆኖ በማራቶን የአንድ ደቂቃ ትርፍ ብዙ ደረጃ ያዘልላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «በአማካይ» የምትለዋ ናት። በ2023 የታተመ ጥናት ሰባት ምርጥ ኬንያውያንን አዲሶቹን ጫማዎች ከቀድሞው ስስ ጫማ ጋር እያነጻጸሩ ሲያስሮጣቸው አንዳንዱ 11 በመቶ ያህል ሲጠቀም ሌላው 11 በመቶ ያህል ተጎዳ። አንድ ዓይነት ጫማ ለሁሉም ብናድል እንኳ እኩል አላደረግናቸውም ማለት ነው። ሰውነቱ ከፎሙ ጋር የተስማማለት ቀደመ፤ ያልተስማማለት ደግሞ ምክንያቱን እንኳ ላያውቀው ይችላል።

ጫማው ገበያ ላይ ሳይወጣ በፊትም ተሮጦበታል። በሪዮ 2016 የወንዶች ማራቶን ኬንያዊው ኪፕቾጌ፣ የእኛው ፈይሳ ሌሊሳና አሜሪካዊው ጌለን ራፕ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ሲወስዱ ሦስቱም ያደረጉት ሌላው ሊገዛው የማይችለውን የናይኪ የሙከራ ጫማ ነበር። የአትሌቲክስ የበላይ አካል የሆነው ዎርልድ አትሌቲክስ ደንብ ያወጣው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ በጎዳና ሩጫ ሶሉ ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፣ ፕሌቱ ከአንድ አይበልጥ፣ ጫማው ለማንም የሚሸጥ ይሁን። በኋላ ለሙከራ ጫማዎች በፈቃድ የሚያልፉበት መንገድ ተከፈተላቸው፤ በኦሎምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ካልሆነ በቀር።

«ለማንም የሚሸጥ» ሲባል ግን ማን ሊገዛው ነው? ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን 2023 2፡11፡53 ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ ክብደቱ 138 ግራም ነው። ዋጋው 500 ዶላር፤ መጀመሪያ ገበያ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ፤ አምራቹም ለአንድ ማራቶን እንዲሆን አስቦ እንደሠራው ተናግሯል። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሬ ለውጥ በኋላ ባለው ዋጋ ከ50 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። (ትዕግሥትን «ጫማው ነው» ለሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ላስታውስ፤ ይህ ጫማ ሳይወጣ በ2022 እዚያው በርሊን 2፡15፡37 ሮጣለች። ጫማው እሷን አልፈጠራትም።)

እኛ ወሎዎች ከመሣሪያ ጋር የሚደረግ ውድድር አዲሳችን አይደለም። በጥምቀት ሰሞን አጅባር ሜዳ ላይ ፈረስ ሲጋለብ «የእገሌ ፈረስ ከእገሌ ይበልጣልና ፍትሕ ጎደለ» የሚል የለም። ፈረሱም የውድድሩ አካል ነው፤ ፈረስ መርጦ መግዛት፣ መቀለብና መግራት ራሱ የጋላቢው ሙያ ነው። የመኪና ውድድርም እንዲሁ ነው። ሩጫ ግን ራሱን የሚያስተዋውቀው በሌላ ስም ነበር፤ ድሃውም ሀብታሙም በባዶ ሜዳ የሚገናኝበት። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 የገባበትን ታሪክ የምንወደው ይህን ቃል ስለሚያጸናልን ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ጫማ ይረዳል ወይ?» አይደለም። ሩጫ ወደ ፈረሱ ወገን እየሄደ ነው፤ ከሄደም በግልጽ ይነገረን።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። የመም መብራት ማለት በመሙ ውስጠኛ ጠርዝ የተደረደሩ አምፖሎች በታቀደው ፍጥነት እየበሩ የሚሄዱበት ነው፤ የማይደክም አሯሯጭ። በኦክቶበር 2020 ቫሌንሲያ ላይ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ የቀነኒሳን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን (26፡17.53፣ ከ2005 ጀምሮ የቆየ) ወደ 26፡11.00 ሲያወርድ፣ በዚያው ምሽት ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትርን በ14፡06.62 ስታሸንፍ መብራቱ ከጎናቸው ነበር። እዚያ ውድድር ውስጥ ላሉት ፍትሐዊ ነው፤ ሁሉም ያዩታል። የተበደለው የድሮው ሰዓት ነው። ቀነኒሳና ቼፕቴጌ ማን ይበልጣል ብላችሁ ስድስት ሰከንድ ከመቁጠራችሁ በፊት መብራቱንና ስፓይኩን (ሶሉ ላይ ሹል ያለውን የመም ጫማ) አስቡ። ቀነኒሳ ራሱ በ37 ዓመቱ፣ በአዲሱ ዘመን ጫማ፣ በ2019 በርሊን ላይ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ 2፡01፡41 ገብቷል።

በዋና ስፖርት በ2009 ሮም ላይ በፖሊዩሪቴን ልብስ 43 የዓለም ክብረ ወሰን በአንድ ሻምፒዮና ተሰበረ፤ ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ ልብሱ ታገደ። ይህ ስፖርት ወደኋላ መመለስ እንደሚችል ያሳያል። ክብረ ወሰኖቹ ግን አልተሰረዙም።

የከፍታ ድንኳንም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ የተወለደ ልጅ ስስ አየር እየተነፈሰ ያድጋል፤ ሰውነቱም ከዚያ አየር ጋር ይላመዳል። በቆላ አገር የሚኖር የፈረንጅ ሯጭ ደግሞ ኦክስጅን የሚቀንስ ድንኳን ገዝቶ አልጋው ላይ ይዘረጋል፤ ደሴን በኤሌክትሪክ ይሠራታል ማለት ነው። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዋዳ በ2006 ልከልክለው ወይ ብሎ መክሮ ተወው። እኔም አልቃወመውም። በተፈጥሮ ያገኘነውን ብልጫ ቴክኖሎጂ ለሌላው ሲያዳርስ «ፍትሕ ጎደለ» ብለን የምንጮህ ከሆነ ጫማው ላይ ያለን ክርክር ውሃ ያነሳል?

በሩ ላይ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ጫማው ጫማውን ላላደረገውም ይደርሰዋል፤ በሚኒማ በኩል።

ሚኒማ ማለት ለኦሎምፒክ ወይም ለዓለም ሻምፒዮና ለመግባት የሚጠየቀው ሰዓት ነው። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ሚኒማ 2፡11፡30 ነበር። ለፓሪስ 2፡08፡10 ሆነ። ለ2025 የዓለም ሻምፒዮና 2፡06፡30። የሴቶቹ ከ2፡29፡30 ወደ 2፡26፡50፣ ከዚያ ወደ 2፡23፡30 ወረደ። በ10,000 ሜትር ወንዶች ከ27፡28 ወደ 27፡00፣ ሴቶች ከ31፡25 ወደ 30፡40። የሰው ልጅ ሳንባ በአራት ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። አብዛኛው ሯጭ አዲሱን ጫማ ሲያደርግ ሰዓቱ ሁሉ ወረደ፤ መለኪያውም ተከትሎት ወረደ። ጫማውን ያላገኘው ሯጭ ድሮ የነበረው ቦታ ላይ ቆሞ ሳለ በሩ ጠበበበት። አበበ ቢቂላ በ1964 በሁለተኛ ወርቁ የገባበት 2፡12፡11 ዛሬ ከእነዚህ ከሦስቱ ሚኒማዎች አንዱንም አያሟላም።

ሁለተኛው የመግቢያ መንገድ የዓለም የደረጃ ነጥብ ነው። ነጥቡ የሚሰበሰበው ደግሞ ደረጃ በተሰጣቸው ውድድሮች ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ቪዛ፣ ማናጀርና የአውሮፕላን ትኬት የሚጠይቁ ናቸው።

ከፍታውም ይቆጠር። በረጅም ርቀት ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ላይ የተሮጠ ሰዓት ከባሕር ጠረፍ ሰዓት ይዘገያል፤ ሚኒማው ግን ለዚህ ማካካሻ አይሰጥም። የኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ማጣሪያ በ2021 ኔዘርላንድስ ሄንግሎ ላይ፣ በ2024 ደግሞ ስፔን ኔርሃ ላይ መደረጉን ለሚያስታውስ ይህ ግልጽ ነው። ለተሰንበት በሄንግሎው ማጣሪያ 10,000 ሜትርን በ29፡01.03 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራለች። ለታወቁት ሯጮች ሸጋ ነው። ከተንታ ማሰልጠኛ ወይም ከወረኢሉ ተነስቶ ገና ስም ያላወጣ ልጅ ግን ማጣሪያው ላይ ለመገኘት መጀመሪያ ሸንገን ቪዛ ሊያገኝ ነው።

ከዚያም በታች ያለውን ደረጃ እንይ፤ የትምህርት ቤት፣ የዞን፣ የክልል ውድድር። እዚህ የሚቆጠረው በአብዛኛው ሰዓት ሳይሆን ተራ ነው፤ ክለብ የሚመለምለው ፊት የገቡትን ነው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በሰልባጅ የተገዛ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጋ፣ አጠገቧ ያለችው ዘመድ ከውጭ የላከላትን ባለ ፎም ጫማ አድርጋ ቢሰለፉ ሁለተኛዋ ልትቀድም ትችላለች፤ አሠልጣኙም የሚያየው ቀድማ የገባችውን ነው። በርሊን ላይ ከፊት ለሚሮጡት ለአብዛኞቹ ቢያንስ ኩባንያ ጫማ ይሰጣቸዋል። እዚህ ግን ልዩነቱ የሰፋ፣ ዳኛውም ሶል የማይለካበት ነው። ተሰጥኦ ሳይታይ የሚቀረው እዚህ ነው፤ ሳይታይ ስለቀረም ማንም አይቆጥረው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የአሜሪካ የዋና ማኅበር ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ውድ የውድድር ልብስ እንዳይለብሱ ከልክሏል፤ ወላጆች በልብስ እንዳይሽቀዳደሙ ብሎ። የእኛ የታዳጊ ውድድሮችም ካርቦን ያለው ጫማ አይገባም፣ ሶሉ ከዚህ አይበልጥም ቢሉ የሚያስፈልገው አንድ ማስመሪያና አንድ ቆራጥ ዳኛ ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች «ልጆቹ ወደፊት የሚሮጡበትን ጫማ ከአሁኑ ይልመዱ» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ በልምምድ ይልመዱት። ምልመላው ላይ ግን የሚታየው እግራቸው ይሁን።

በመም ላይ ለሚሮጡት አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ በመም ውድድር የተፈቀደው የሶል ውፍረት ከፍተኛው 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በፊት ከ800 ሜትር ጀምሮ እስከ 25 ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ በድሮው ደንብ የተሠራ፣ ያኔ ሕጋዊ የነበረ ስፓይክ ዛሬ ሊያስባርር ይችላል። እንዲህ ያለውን ስፓይክ በቅናሽ ወይም ከሌላ ሯጭ እጅ ስታገኙ ሞዴሉ ዎርልድ አትሌቲክስ ድረ ገጹ ላይ በሚያወጣው የተፈቀዱ ጫማዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ገንዘቡን ሳትከፍሉ እዩ። ስልክ የሌለው አሠልጣኙን ይጠይቅ፤ አሠልጣኙም ካላወቀ ከውድድሩ ቀን በፊት ጫማውን ይዞ አዘጋጆቹ ዘንድ ሄዶ ያስለካ።